1309ን ለመቅረጽ፦ ዳገቱን ብቻ፣ ሁለት ቦታ ብቻ

ሰላም ወንድሜ። «ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ የካምበርላንዱን የእንፋሎት ባቡር በመኪና እየተከተልኩ አምስት ቦታ ላይ መቅረጽ አስቤያለሁ፤ አንድ ካሜራና ስልክ አለኝ፤ ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?» ላልከው ነው። አምስቱን ከአሁኑ ሰርዘው። ሁለት ቦታ ይበቃሃል፣ ሁለቱም ባቡሩ ዳገቱን ሲወጣ።

ከካምበርላንድ (ሜሪላንድ) እስከ ፍሮስትበርግ 16 ማይል ነው፤ አብዛኛው ዳገት ነው። 1309፣ ማለትም ባቡሩን የሚጎትተው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ ጭሱን የሚተፋውና መሬቱን የሚያንቀጠቅጠው ሲወጣ ነው። ሲመለስ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል እንጂ እንፋሎት እምብዛም አይጠቀምም። ስለዚህ ቁልቁለቱን ካሳደድክ ጭስም ድምፅም የሌለው ቪዲዮ ይዘህ ነው የምትገባው።

1ኛ. የዚያን ቀን የሚጎትተው 1309 መሆኑን ጠዋት ለባቡሩ ድርጅት ደውለህ አረጋግጥ። ባልድዊን የተባለው ፋብሪካ በ1949 የሠራው፣ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሥራ የተመለሰ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ነው። አሮጌ ሎኮሞቲቭ ደግሞ አንዲት ቧንቧ ብታፈስ ይቆማል፣ በቦታው የዲዝል ሎኮሞቲቭ ይገባል። ከሁለት ሰዓት በላይ ነድተህ ዲዝል ከምታይ አንድ ስልክ ይሻላል። 1309 እየጎተተም ዲዝል ሊቀጠልበት ይችላል። ከኋላው ተያይዞ ካየኸው ከጎን አትቅረጽ፤ ከፊት ለፊት በጠባቡ ያዘው፣ ጭሱ ይሸፍንልሃል።

2ኛ. የመጀመሪያው ቦታህ ሄልምስቴተርስ ከርቭ ይሁን፤ በካሽ ቫሊ መንገድ በኩል ትደርሳለህ። ሐዲዱ እዚያ እንደ ፈረስ ኮቴ ስለሚታጠፍ ትራይፖድህን ሳትነቅል ባቡሩን መጀመሪያ ከጎን፣ ቀጥሎ ከፊት ታገኘዋለህ። 1309 ማሌ የሚባለው ዓይነት ነው (ወደ አስመራ ዳገት ይወጡ የነበሩት የጣሊያን ሎኮሞቲቮችም የዚሁ ዘር ናቸው)። ከቦይለሩ (ውሃው ከሚፈላበት ትልቅ በርሜል) ሥር ሁለት የጎማ ቡድን አለው፤ የኋለኛው ከአካሉ ጋር የታሰረ ነው፣ የፊተኛው ግን ለብቻው ይታጠፋል። ጥምዝ ላይ የፊት ጎማዎቹ ሐዲዱን ተከትለው ሲዞሩ ቦይለሩ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ አፍንጫው ከሐዲዱ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። ይህን ከርቀት፣ በረጅም ሌንስ፣ ካሜራውን ጉልበት ድረስ ዝቅ አድርገህ ያዝ። እዚያ ድረስ ሄዶ ይህን ሳይቀርጽ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል።

ከጥምዙ መሃል ያለው መሬት የግል እርሻ ነው። አጥር ዘለው ማሳ ረግጠው የሚቀርጹ አሉ፤ በእነሱ የተነሳ ቦታው ቢዘጋ የምንቀረው ሁላችንም ነን። አንተ ከመንገዱ ዳርና ለሕዝብ ከተፈቀደው ከግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የእግር መንገድ አትውጣ፤ ከሐዲዱም ቢያንስ 15 ጫማ ራቅ። ከርቭ ላይ ባቡሩ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀድመህ ተገኝ።

3ኛ. ሁለተኛው ፍሮስትበርግ ለገሃር ነው። መሃል ላይ ያለው ብራሽ ዋሻ (914 ጫማ) ያጓጓሃል። የእግር መንገዱም በዚያው ዋሻ ስለሚያልፍ ሰዎች ገብተው ይጠብቃሉ። ባቡሩ ሊመጣ ሲል እንዳትገባ፣ ጭሱ መተንፈሻ ይነሳሃል። ለዋሻው ብለህ ከርቭ ላይ ጥድፊያ ከጀመርክ ሁለቱም ይበላሹብሃል። ባቡሩ ዳገቱን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ተረጋግተህ ዕቃህን ብትሰበስብም በመኪና ቀድመኸው ትደርሳለህ።

4ኛ. ካሜራው። ሎኮሞቲቩ ጥቁር፣ እንፋሎቱ ነጭ ነው። ኦቶ ላይ ከተውከው ካሜራው ጥቁሩን ለማሳየት ብርሃን ይጨምራል፣ እንፋሎቱም ወረቀት ይመስላል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ቀንሰህ ቆልፈው። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሐዲድ ተጭነህ ያዝ፣ ሲቆልፍ ዝቅ አድርገው። 30 ፍሬም ከሆነ ሸተሩን 1/60 አድርግ፣ ፀሐይ ከበዛ ብርሃን የሚቀንሰውን ኤንዲ ፊልተር ግጠም። ትራይፖድ ላይ ከሆንክ ስታቢላይዘሩን አጥፋ፤ ካልሆነ ካሜራውን ስታዞር ምስሉ ይንገጫገጫል።

ድምፁን ግን እባክህ ስማኝ። እኔን አንድ ሙሉ የጥቅምት ቀን ያስከፈለኝ እሱ ነው፦ የድምፅ መጠኑን ኦቶ ላይ መተው። ባቡሩ መንገድ ማቋረጫ ጋ ሲደርስ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ይነፋል። ኦቶው ፊሽካውን ሲሰማ ደንግጦ ድምፁን ይቀንሳል፣ ወዲያው የሚመጣው የሎኮሞቲቩ ምት ይዋጣል። ባቡሩ አልፎ ጸጥ ሲል ደግሞ ከፍ ያደርግና ነፋሱንና የሰዉን ወሬ ያመጣልሃል። ይህን በኤዲቲንግ አታድነውም፤ ሞክሬዋለሁ። በእጅ አስተካክለው፦ የምቱ ድምፅ በካሜራው የድምፅ መለኪያ ላይ −18 ዲቢ አካባቢ ይሁን፣ ቀሪው ለፊሽካው ይተርፋል። ማይኩ ላይ ጸጉራሙን የነፋስ መከላከያ አልብሰው። ስልክህን ትርፍ የድምፅ መቅጃ አድርገህ ራቅ ብለህ አስቀምጠው፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ መሃል ላይ ቢደወል ቀረጻው ይቋረጣል። ፊሽካው ከሩቅ ሲሰማ መቅረጽ ጀምር፣ የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላም 20 ሰከንድ ሳትናገር ቁም። እኔ ዛሬም ደጋግሜ የምከፍታት ቪዲዮ፣ ባቡሩ ከዓይን ጠፍቶ ምቱ ብቻ ከተራራው ሥር የሚሰማባት ናት።

ሙቀት ባለበት ቀን አትሂድ። እንፋሎቱ ወፍሮ የሚታየው አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በሐምሌ ከጭስ ማውጫው እንደወጣ ይጠፋል። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን የውስጥ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ፍሮስትበርግ ስትደርስ መንገደኛው ሲወርድ አብረህ አትበተን፤ ሎኮሞቲቩ ከፉርጎዎቹ ተፈትቶ በሚሽከረከር መድረክ ላይ ፊቱን ያዞራል። በሰፊ ሌንስ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ጠብቀው።