ቅቤ ትቼ ኮሌስትሮሌ ለምን ጨመረ?

"ቅቤና ሥጋ ካቆምኩ ስድስት ወር ሆነኝ፣ ኮሌስትሮሌ ግን ጭራሽ ብሶበታል፣ አሁን ደግሞ ታይሮይድሽ ዝቅ ብሏል አሉኝ፣ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ሳነበው የራሴን ታሪክ የጻፍሽው መሰለኝ።

እኔም መጥፎው ኮሌስትሮል የሚሉት ኤል ዲ ኤል 192 ሆኖ ሲመጣ፣ ያየኝ ሐኪም "ቅባት ቀንሺ" ብሎ ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ ኪኒን አዘዘልኝ። ምን ልቀንስ? ሁዳዴ ላይ ነበርን፣ ሽሮና ጎመን በልቼ ነው የምውለው። በሦስተኛው ሳምንት ጭኔና ባቴ እንደተደበደበ ሰው ያመኝ ጀመር፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ማንንም ሳልጠይቅ አቋረጥኩት። እሱ ጥፋቴ ነው።

ሌላ ሐኪም ጋ የሄድኩት ለኮሌስትሮሉ አልነበረም፣ ለድካሙ ነው። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ እደርባለሁ፣ ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ሆዴ ይደርቃል። ድምፄ ከመጎርነኑ የተነሳ ስልክ የደወለ ሰው ወንድሜ መስዬው "እህትህን አቅርብልኝ" ብሎኛል። ሐኪሟ ታይሮይድ የሚባለው እጢ ያለበትን አንገቴን ዳሰሰችና ቲ ኤስ ኤች የሚባል የታይሮይድ የደም ምርመራ አዘዘች። ብዙ ላብራቶሪ ደህና የሚለው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው፣ የእኔ 41! እኛ አገር ታይሮይድ ሲባል እንቅርት ብቻ ነው የሚታየን፣ አንገቴ ላይ ግን ምንም የለም። ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ሲል ታይሮይዱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ግራ አይግባሽ። ጭንቅላት ውስጥ ያለችው እጢ "ኧረ ሥሪ!" እያለች የምትጮህበት ድምፅ በይው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ጉበት ከደም ውስጥ ኤል ዲ ኤልን የሚለቅምባቸው ተቀባዮች አሉት። እነሱን እንዲያበዛ የሚያዘው አንዱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ኮሌስትሮል ወደ ሐሞት ተቀይሮ የሚወጣበትን መንገድም ያፋጥናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ለቃሚ ይጠፋል፣ ኤል ዲ ኤሉ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጉበትሽ ራሱ ኮሌስትሮል ስለሚሠራ ቅቤ ብትተዪም አይሞላልሽም። የጡንቻ ሕመሜም ከዚሁ ነበር፤ ታይሮይዱ ሳይታከም ስታቲን ሲወሰድ ጡንቻ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። ስታቲን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ያስፈልገዋል፣ አንቺም ከጀመርሽ እንደ እኔ በራስሽ አትጣዪው።

የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን በሚተካው ኪኒን፣ በሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ጀመርኩ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ስመረመር ቲ ኤስ ኤቹ እምብዛም አልወረደም። ሐኪሟ "በምን ነው የምትወስጂው?" አለችኝ። በምን ይሆናል፣ ከጠዋቱ አቦል ጋር ነዋ! ለካ ቡና መድኃኒቱ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። አሁን ስነሳ በባዶ ሆዴ በውሃ እውጣታለሁ፣ ከዚያ ቡናዬን አጥባለሁ፣ እቆላለሁ፣ እወቅጣለሁ። ጀበናው እስኪንተከተክ ከኪኒኑ በኋላ የምጠብቀው አንድ ሰዓት ይሞላል። ለማሽን ቡና ጠጪዎች ግን ሰዓት ማየት ግድ ነው። የብረትና የካልሲየም ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በአራት ሰዓት አራርቂው።

መጠኑ ወደ 75 ከፍ ብሎ ቲ ኤስ ኤቹ 2.8 ላይ ሲረጋ፣ ከሁለት ወር በኋላ ኤል ዲ ኤሌን አሠራሁ፣ 121። ያለ ስታቲን፣ ፋሲካ አልፎ ዶሮ ወጡንም ጠግቤ። ሁሉም ላይ እንዲህ አይወርድም። ቲ ኤስ ኤቹ 6 ወይም 7 ብቻ የሆነበት ሰው ለውጡ ትንሽ ነው፣ ኮሌስትሮሉ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ በተለይ በዘር የመጣ ከሆነ።

የአንቺ ስንት ነው? የላብራቶሪ ወረቀቱን አውጪና ቁጥሩን ጻፊልን። ኪኒኑን በምን እንደምትወስጂውም ጨምሪበት።