«የፈጠራ ችሎታ ያለው» ለሚል የሥራ ማስታወቂያ ምን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ በቴክኒክና ሙያ ተመርቄ ገላን ውስጥ በርና መስኮት በሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ተቀጥሬአለሁ። አቃቂ ያለ ፋብሪካ ያወጣው ማስታወቂያ «የፈጠራ ችሎታ ያለው» ይላል። እኔ ግን አንዳንዴ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም የበርና መስኮት ብረት) ከመቁረጤ በፊት ልኬቱን በወረቀት ከማቀናጀት በቀር የፈጠርኩት የለም። አሠሪዬም «ዝም ብለህ ቁረጥ» ይለኛል። ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትተወው! «ከማቀናጀት በቀር» ብለህ ያለፍከው ነገር ነው የሚፈለገው። ከ6 ሜትር ቱቦላሬ ሁለት ባለ 2.10 ሜትር የበር ቁመት ሲወጣ 1.80 ሜትር ገደማ ይተርፋል። ይህ ቁራጭ ጥግ ተጥሎ ይዝጋል ወይስ ለሌላ ደንበኛ መስኮት ይውላል? ብረቱ ሳይነካ ይህን የሚያስብ ሰው ፈጠራ ጀምሯል።

የጎደለህ ማስረጃ ነው። አቀናጅተህ የቆረጥክበትንና እንዲሁ የቆረጥክበትን ቀን ለይተህ፣ ማታ ማታ የተረፈውን ቁርጥራጭ መዝን። ስንት ቱቦላሬ እንደተቆረጠም መዝግብ፤ የሥራው ብዛት ስለሚለያይ የሚነጻጸረው ከአንድ ቱቦላሬ የሚባክነው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ሳትጨምር ሳትቀንስ በሥራ ልምድህ ላይ አስፍረው። «ታታሪና ቅን ነኝ» ከሚል ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይህች አንድ መስመር ትበልጣለች።

የጃፓኑ ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1951 ጀምሮ የሠራተኞቹን የማሻሻያ ሐሳብ በሥርዓት ሲቀበል ኖሯል። አገራችንም በ2004 ዓ.ም. የካይዘን (በጃፓንኛ «ማሻሻል» ማለት ነው) ኢንስቲትዩት ያቋቋመችው ይህንኑ ልማድ በየፋብሪካው ለማስረጽ ነው።

በአሠሪህ አትከፋ፤ ብረት ሲበላሽ ከኪሱ የሚከፍለው እርሱ ነው። በአንድ ደንበኛ ትእዛዝ ላይ ብቻ ሞክር፤ ሐሳቡን ሳይሆን የሚዛኑን ውጤት አሳየው። ደግሞም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በር ገጥማችሁ ከሆነ ጎራ ብለህ ነዋሪዎቹን ጠይቅ፦ ማጠፊያው ይጮኻል? ዝናብ ከታች ያስገባል? ቀጣዩ ሐሳብህ ያለው እዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሠራተኛውን ዝም የሚያሰኝ ቤት ከጎረቤቱ የተለየ በር ሠርቶ ሊሸጥ አይችልም፤ ያሳዝነኛል።

ለቃለ መጠይቅ ከጠሩህ አንተም ጠይቃቸው፦ «እዚህ ሠራተኛ ሐሳብ ሲኖረው ለማን ያቀርባል? በቅርቡ የተሞከረውስ የትኛው ነው?» ሙከራው ያልተሳካለት ሰው ምን እንደገጠመውም ስማ። ከደመወዙ ተቆርጦ ከሆነ በማስታወቂያው ላይ የጻፉትን ገና አልጀመሩትም። የማመልከቻው ጊዜ እንዳያልፍብህ፣ የጥቂት ቀናት መዝገብም ቢሆን ይዘህ ቅረብ።