ጥያቄና መልስ፦ የምንኖረው ብላክ ሆል ውስጥ ነውን?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ዩኒቨርሳችን ያለው በሌላ ዩኒቨርስ ብላክ ሆል ውስጥ ነው፤ ሒሳቡም ይገጥማል» እያሉ ይከራከራሉ። እውነት ዩኒቨርስ በዩኒቨርስ ውስጥ ይኖራል? ውስጠኛው ሲሰፋስ ውጭኛውን አይገፋውም?

መልስ፦ መምህር፣ ብላክ ሆል ስበቱ ብርሃን እንኳ የማያስወጣ አካል ነው። ዩኒቨርስ በውስጡ መኖሩን የአንስታይን የስበት ቀመር አይከለክልም፤ መኖሩን ያሳየ ምልከታ ግን የለም። ተማሪዎችዎ የሰሙት ሒሳብም ትክክል ነው፤ ስሕተቱ የተሰጠው ትርጉም ላይ ነው። ሰሌዳ ላይ ይሥሩት።

ፀሐይን የሚያህል መጠነ ቁስ ብላክ ሆል የሚሆነው 3 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ውስጥ ሲታመቅ ነው። መጠነ ቁሱን እጥፍ ሲያደርጉት ሬዲየሱም እጥፍ ይሆናል፤ ይዘቱ ግን 8 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ እፍግታው ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚሁ ሲቀጥሉ፣ 136 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ላይ እፍግታው ከጣና ውሃ ጋር ይስተካከላል። የዩኒቨርሳችን አማካይ እፍግታ ደግሞ በኪዩቢክ ሜትር 5 ወይም 6 የሃይድሮጅን አቶም ያህል ብቻ ነው። ይህ እፍግታ ያለው ብላክ ሆል የሚኖረው ሬዲየስ 14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ግድም ሲሆን፣ የብርሃንን ፍጥነት ለሐብል ቁጥር (ዩኒቨርስ የሚሰፋበትን ፍጥነት ለሚገልጸው ቁጥር) ሲያካፍሉም ይኸው ርቀት ይመጣል። ገጠመ የሚባለው ይህ ነው።

መግጠሙ ግን የግድ ነው። ሕዋው ያልጎበጠ ማንኛውም ዩኒቨርስ እፍግታውና የሚሰፋበት ፍጥነት በአንድ ቀመር ስለሚተሳሰሩ ሁለቱ ርቀቶች ምንጊዜም እኩል ናቸው፤ ማስረጃ አይሆንም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሽዋርዝሽልድ እ.ኤ.አ. በ1916 ያወጣው የብላክ ሆል ቀመርም መሐል ላለውና ዙሪያው ባዶ ለሆነ አካል ነው፤ ለዩኒቨርሳችን መሐል የሚባል ቦታ አልተገኘለትም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የጊዜው አቅጣጫ ነው። ብላክ ሆል ውስጥ ለገባ ሰው እፍግታው ወሰን የሚያጣበት ጫፍ ከፊቱ ይጠብቀዋል፤ እኛ ግን ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከኋላችን ትተነዋል።

ጠንከር ያለው ሐሳብ የፊዚክስ ሊቁ ሊ ስሞሊን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረበው ነው፦ ብላክ ሆል ውስጥ የታመቀው ቁስ ተመልሶ ቢነጥር በወዲያ በኩል አዲስ ዩኒቨርስ ይወለዳል። የሚያነጥረውን ኃይል በትክክል ለመግለጽ ግን ስበትንና ኳንተምን (የጥቃቅን ቅንጣቶችን ፊዚክስ) ያዋሐደ የተረጋገጠ ቀመር ያስፈልጋል፤ እሱ ገና አልተገኘም።

ስለ መግፋቱ፣ አይገፋውም። የፊዚክስ ሊቁ አለን ጉትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በስሌት እንዳሳዩት፣ ልጅ ዩኒቨርስ የሚሰፋው የራሱን ሕዋ እየፈጠረ እንጂ ከእናቱ ቦታ እየወሰደ አይደለም። ውጭ ላለ ተመልካች ትንሽ ብላክ ሆል ብቻ ይታየዋል።

ለቤት ሥራ መሬት ብላክ ሆል ብትሆን የሚኖራትን ሬዲየስ ይስጧቸው፤ መጠነ ቁሷ የፀሐይ ከሚሊዮን 3 እጅ ያህል ነው። መልሱ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላ ቁጥር ያመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ኪሎ ሜትሩን ወደ ሚሊ ሜትር ሲቀይር ዜሮ ጥሏል።