ጥቂት ፍየሎችን በአነስተኛ ይዞታ ማርባት፦ ጥያቄና መልስ

ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሚበዙት መድኃኒትን የሚመለከቱ ናቸው። እንገር፣ ደረቅ መኝታና በወቅቱ የተሰጠ ክትባት ከመድኃኒት የበለጠ ግልገል እንደሚያድኑ ስለማምን፣ መልሶቼ ደጋግመው ወደዚያው ቢያመሩ አይገረሙ።

ጥያቄ፦ በወሎ ቆላማ አካባቢ አምስት ፍየሎች ገዝቼ ለመጀመር አስቤያለሁ። የቦር ዲቃላ ልግዛ ወይስ የአገር ውስጥ?

መልስ፦ በባቲ ፍየል ይጀምሩ። ዝርያው ከአካባቢው ሙቀትና ቁጥቋጦ ጋር የተስማማ ነው፤ ቆዳውም በነጋዴዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። ቦር በደቡብ አፍሪካ ለሥጋ ተመርጦ የዳበረ በመሆኑ ግዙፍ አካሉን የሚመጥን መኖ ይፈልጋል፤ መኖ ሳይዘጋጅ የገባ ዲቃላ ደግሞ ከአገሬው ፍየል ያነሰ ይሆናል። ሲገዙ ጥርሷን ብቻ ሳይሆን ጡቷንም ይዳስሱ፤ ጡቷ ውስጥ ጠጣር እብጠት ያለባት ፍየል ግልገሎቿን አጥግባ አታሳድግም። የገዟቸውን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከጎረቤት መንጋ ጋር አይቀላቅሏቸው።

ጥያቄ፦ ግልገሎቼ በተወለዱ በሳምንት ውስጥ ይሞቱብኛል። ምን መድኃኒት ልስጣቸው?

መልስ፦ የፍየል ግልገል በሽታ የሚከላከልበትን አቅም በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ስለማያገኝ፣ ያለው ተስፋ እንገሩ ብቻ ነው። አንጀቱ ይህን መከላከያ እንዳለ ወደ ደሙ ማስገባት የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በመሆኑ፣ ከአንድ ቀን በኋላ የሚጠባው እንገር ሆዱን ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ግልገሉ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥባቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ካልቻለ አልበው በጡጦ ያጠጡት። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ 200 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። መንታ ሲወለድ ደካማው በብርቱው እየተገፋ ስለሚቀር እርሱን ለብቻው ይከታተሉት። እትብቱን አዮዲን ይቀቡት፤ የጉረኖው ወለል እርጥብ ከሆነ ግን አዮዲኑም ብዙ አይረዳም።

የእናቲቱም አያያዝ ወሳኝ ነው። ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ሲሆን፣ ጽንሱ በአብዛኛው የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው። በእነዚህ ወራት የተራበች እናት ደካማ ግልገል ትወልዳለች፤ እንገሯም ጥቂት ይሆናል። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ጥቅምት ላይ፣ ገና ከክረምቱ ሥጋዋ ሳይወርድ በአውራ ተጠቅታ ያረገዘች ፍየል፣ ቅጠል ማቆጥቆጥ በሚጀምርበት በመጋቢት ትወልዳለች። አውራውን ዓመቱን ሙሉ ከእንስቶቹ ጋር የሚለቅ አርቢ ይህን ዕድል ያጣል።

ጥያቄ፦ የትል መድኃኒት በየወሩ መስጠት ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። ያለ ልክ የተደጋገመ መድኃኒት ትሉን ያላምደዋል፤ በግምት አሳንሶ መስጠትም እንዲሁ ያደርጋል። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልጠው ይመልከቱ፤ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ፍየሏ ደም አላነሳትም፤ ከነጣ ግን ደም መጣጭ ትል ሊኖርባት ይችላል። መጠኑን በክብደቷ ልክ ባለሙያ ይወስንልዎ፤ እርግዝናዋ ገና ጅምር ከሆነም ይንገሩት፤ አልበንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት በዚያ ጊዜ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና።

ጥያቄ፦ የትኛው ክትባት ይቅደም?

መልስ፦ የበግና የፍየል ደስታ በሽታ ክትባት። የከብቱ ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል፤ የፍየሉ ግን ዛሬም መንጋ ይጨርሳል። የተዋጣለት አንድ ክትባት ቢያንስ ለሦስት ዓመት ስለሚጠብቅ ዋጋው ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም። ቀጥሎ ስለ ፍየል ሳንባ በሽታና ስለ ፈንጣጣ የወረዳዎን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቀበሌያችን ተራራ ስለተከለለ ፍየል ማሰማራት ተከልክሏል። ልሽጣቸው?

መልስ፦ ቁጥራቸውን ቀንሰው አጭደው ይመግቧቸው። ለመኖ የሚሆኑ ዛፎችን፣ ደጋ ከሆኑ ትሪሉሰርን፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ቦታ ሳስፓንያ ወይም የርግብ አተር፣ በአጥር ዙሪያ ይትከሉ። ቅጠሉን አስረው ከፍ አድርገው ይስቀሉላቸው፤ ፍየል ቆማ ቀንጥባ መብላት ትወዳለች፣ የረገጠችውን ግን ትንቃለች። አሞሌ ጨውና ንጹሕ ውኃ አይለያቸው።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ማድለብ መቼ ልጀምር?

መልስ፦ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ከጾሙ መግባት በፊት። በጾም መካከል የጀመረ አርቢ እህል በብዛት በመስጠት ሊያካክስ ይሞክራል፤ በድንገት የበዛ እህል ግን የፍየሏን ሆድ አኮምጥጦ በአንድ ሌሊት ሊገድላት ይችላል። ፉርሽካውንና ፋጉሎውን (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ከጥቂት ተነሥተው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጉት።

ጥያቄ፦ የፍየል ወተት ጥሬውን ለልጆች ቢሰጥ?

መልስ፦ ይፍላ። ውርጃ የታየበት መንጋ ከሆነ ደግሞ ወተቱ ብቻ ሳይሆን የእንግዴ ልጁም ሰውን ሊያስይዝ ስለሚችል፣ በባዶ እጅ ሳይነኩ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩትና ለክሊኒኩ ያሳውቁ።