ገብሱ ሳይደርስ ሰሊጡ ለምን ቀደመ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ታናሽ ወንድሜ ከዳባት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርድ ነው። የእኛ ገብስ ገና እሸት ነው፤ እዚያ ግን ሰሊጡ ደርሷል ይላሉ። በአንድ ክረምት የበቀለ እህል እንዲህ የተለያየው ለምንድን ነው? ሲወርድስ ከምን ይጠንቀቅ? (አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ነገሩ የከፍታ ነው። ዳባት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ መተማ ዮሐንስ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሽቅብ በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳልና በሁለቱ መካከል የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ገብሱን ብርዱ ያዘገየዋል፤ ሰሊጡ በቆላው ሙቀት ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይደርሳል። የደጋው ገበሬ በመስከረምና በጥቅምት የቆላውን አጭዶ ለራሱ አዝመራ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይቀራል። የታጨደው ታስሮ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ሂላ በሚባል ክምር ይቆማል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ደርቆ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ያን ሁሉ የቀን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የሚጠራው ይህ ጥድፊያ ነው።

ጥንቃቄው ከወባና ከካላዛር ነው። ብርዱ ወባን ስለሚያርቅለት የደጋ ሰው ሰውነት አልለመዳትም፤ ሲይዘው ይጠናበታል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች። በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትውላለች፤ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ወንድምዎ የቱንም ያህል ቢደክመው ግራር ሥር አይተኛ። አጎበር ይዞ ይውረድ፤ ያውም በመድኃኒት የተነከረውን፣ ባልተነከረው ቀዳዳ ሾልካ ትገባለችና።

ከሁሉ በላይ አደራ የምንለው ከተመለሰ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ካላዛር ከንክሻው ወራት ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳ፣ በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ካበጠ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ «መተማ ሰሊጥ አጭጄ ነበር» ብሎ ይናገር። ካልነገራቸው የደጋ ባለሙያዎች ታይፎይድ ነው ብለው ሊያክሙት ይችላሉ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ሕክምናው ግን እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል።