የቡናው አበባ የሚረግፈው በኃጢአታችን ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በጅማ ዙሪያ የምኖር የቡና ገበሬ ነኝ። ዝናሙ ጊዜውን ስቷል፤ አበባው ይረግፋል፤ የተረፈውን ፍሬ ተባይ ይበሳዋል። አንዱ «የኃጢአታችን ቅጣት ነው» ይላል፤ ሌላው «በጋና ክረምት አያቋርጡም ተብሎ ተጽፏልና አትስጋ» ይለኛል። ዕዳም ስላለብኝ የጥላ ዛፎቹን ለጣውላ ሸጬ ከምንጩ ዳር ባሕር ዛፍ ልተክል አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌላው የከፉ በደለኞች እንዳልነበሩ ነግሮናል፤ ንስሐን ግን ለሁሉም አዘዘ (ሉቃ. 13፥4-5)። ስለዚህ «ከጎረቤትህ ይልቅ ስለበደልክ ነው» የሚልህን አትስማው። የሰው እጅ ግን አለበት። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከደን ምንጣሮ በሚወጣው ጋዝ ምድር ከ150 ዓመት ወዲህ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ከሚወጣው ጋዝ የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ያህል ነው። ይህ እየታወቀ በዐውደ ምሕረት ገበሬውን ብቻ የምንገሥጽ መምህራን አለን፤ ያሳዝናል።

«አያቋርጡም» የሚለው ቃል ኪዳን (ዘፍ. 8፥22) የታመነ ነው። የስንፍና መሸሸጊያ ግን አይደለም፤ ሰው በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነውና (ዘፍ. 2፥15)። ዮሴፍም ረሀቡ እንደሚመጣ ሲያውቅ ጎተራ ሞላ እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

የቡናህን ነገር ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ቡና የሚስማማው በአማካይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ያለ አየር ነው። ከበጋው ድርቀት በኋላ ደኅና ዝናም ሲያገኝ በአንድነት ያብባል፤ ዝናሙ ተቆራርጦ ሲመጣ ግን አበባውም ይቆራረጣል፤ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ የበሰለና ጥሬ ፍሬ ተቀላቅሎ ለቃሚውን ያመላልሳል። ፍሬውን የምትበሳው ጢንዚዛ 2 ሚሊ ሜትር አትሞላም፤ በጫፉ በኩል ሰርስራ ገብታ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። ሙቀት ሲጨምር ቶሎ ቶሎ ትራባለች፤ ቀድሞ ብርዱ ይከለክላት ወደነበረው ደጋም ትወጣለች። ቡናውም ወደ ደጋ ይውጣ ይባላል፤ ደጋው ግን ባዶ አይደለም፤ ወይ ደን አለበት፣ ወይ ገብስ የሚዘራ ሰው። ነገ የድንበር ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ሽማግሌዎች ከአሁኑ ቢያስቡበት ይሻላል።

ወደ ዛፎችህ ልምጣ። ዋንዛውና ሰሳው ከሥሩ ያለውን ቡና ከፀሐይ ይጋርዱታል፤ ቅጠላቸው ረግፎ አፈሩን ያለብሳል። እነርሱን ቆርጦ ስለ ዝናም ምህላ መግባት ለእኔ አይዋጥልኝም። ቅዳሴያችን ስለ ዝናማትና ስለ ምድር ፍሬ ይለምናል፤ ለማኙ ደግሞ መጥረቢያውን ያስቀምጥ። ዕዳው ካስጨነቀህ፣ የአካባቢው ደንብ ከፈቀደልህ፣ ያረጀውን አንዱን ሽጥ፤ በእግሩ ግን አስቀድመህ ችግኝ ትከል። ለቀሪው ዕዳ አበዳሪህን ጊዜ ለምነው፤ ልመናው ቢያሳፍርህ ሽማግሌ ላክ።

ባሕር ዛፍ ከምንጩ ዳር አትትከል፤ ውኃ ይጠጣል፤ ምንጩም ያንተ ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀዳበታል። ስለ ተባዩና ስለ ዝርያው የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ፤ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም በቡና ላይ የሚሠራ ነው። ባለሙያ ማማከር እምነት ማጉደል አይደለም። መሬት ላይ የረገፈውንና ዛፉ ላይ የቀረውን ፍሬ ግን ባለሙያው እስኪመጣ ሳትጠብቅ ልቀመው፤ ጢንዚዛዋ ወደሚቀጥለው ዓመት የምትሻገረው በእርሱ ውስጥ ነው።