ሌንድ ወይስ ቦሮው? ለጣና አስጎብኚ

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ላይ ማስጎብኘት ልትጀምር ነው፤ የእንግሊዝኛዎቹ «ሌንድ» እና «ቦሮው» እየተምታቱብህ መለያቸውን ጠይቀሃል። ከሥራው በፊት መጠየቅህ ደስ ይላል።

የሚያውሰው ሰው ሌንድ ያደርጋል፤ የሚዋሰው ቦሮው ያደርጋል። ገዳም ልትገባ ነጠላ ያልያዘች እንግዳ «ካን አይ ቦሮው ኤ ስካርፍ?» ትልሃለች። አንተም «አይ ካን ሌንድ ዩ ዋን» ትላታለህ። እኛ አገር አዘውትሬ የምሰማው ስህተት «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» የሚለው ነው። ከግሱ ቀጥሎ «ሚ»፣ «ዩ» ወይም «ሂም» ከመጣ ሌንድ በል። «ፍሮም» ከተከተለ ደግሞ ቦሮው ነው።

የሌንድ ያለፈ ጊዜ «ሌንት» ነው። ይኸው ቃል በትልቅ ፊደል ተጀምሮ ሲጻፍ ዐቢይ ጾም ማለት ነው። በጾሙ ሰሞን እንግዶች ስለሚጠይቁህ ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅምሃል።

ሳትጠየቅ አንድ ልጨምርልህ። ዘጌን «አይላንድ» (ደሴት) የሚሉ አሉ፤ እባክህ አንተ አትበል። ዘጌ ከየብስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ «ፔኒንሱላ» (ባሕረ ገብ መሬት) ነው፤ በመኪናም ይኬዳል። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ግን ዙሪያቸውን ውኃ ስለሆነ አይላንድ ናቸው። ወደ ሁለቱ ገዳማት ሴቶች እንደማይገቡ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ንገራቸው።

«ሞንክ» መነኩሴ፣ «ፕሪስት» ቄስ ነው። ይህ ብዙም አያስቸግርህም።

ዛሬ ማታ በሌንድና በቦሮው አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፍና እዚህ ለጥፍልኝ፤ አርምልሃለሁ።